«ጆርኒ»፦ ያለ ቃል የሚተረክ የሁለት ሰዓት ጉዞ

«ጆርኒ»፣ በአማርኛ «ጉዞ» ማለት ሲሆን፣ መቀመጫውን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያደረገው ዛትጌምካምፓኒ ያዘጋጀውና በማርች 2012 እ.ኤ.አ. በሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ የወጣ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው በሁለት ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ታሪኩን የሚያስረዳ አንድም የንግግር ወይም የጽሑፍ ቃል አይገኝም።

ተጫዋቹ የሚመራው ቀይ ካባ የለበሰ፣ በበረሃ መካከል ብቻውን ያለ ፍጡር ነው። ከሩቅ አናቱ የሚያበራ ተራራ ይታያል፤ መድረሻው እርሱ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል። መራመድ፣ መንሳፈፍና ድምፅ ማሰማት እንጂ ሌላ ብዙ የሚሠራው የለም። በየቦታው የተበተኑ አንጸባራቂ ምልክቶችን ሲሰበስብ የአንገት ልብሱ ይረዝማል፤ በረዘመ መጠንም በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይጨምራል። ግዙፍ የድንጋይ ፍጡራን ቢያገኙት ግን ይህንኑ ልብስ ይቀዱበታል። የጠፋው ሥልጣኔ ታሪክም በግድግዳ ሥዕሎች ብቻ ይገለጻል።

ጨዋታውን ከሌሎች የለየው ግን የመንገድ ባልንጀራው ነው። መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ፣ ሌላ ካባ የለበሰ መንገደኛ ድንገት ከአሸዋው ክምር ማዶ ብቅ ሊል ይችላል። ይህ መንገደኛ በየትኛውም አገር የተቀመጠ እውነተኛ ሰው ነው። ስሙ አይታይም፤ ማነጋገርም ሆነ መጻፍ አይቻልም። የሚግባቡት ደወል በሚመስል አጭር ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጠጋጉ የአንገት ልብሳቸው ኃይል ያገኛል፤ ስለዚህ አብሮ መሄድ ከመለያየት ይጠቅማል።

ወደዚህ የደረሱት በቀላሉ አልነበረም። በሻንጋይ የተወለደው ዋና ንድፍ አውጪ ጄኖቫ ቼን እንደገለጸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተጫዋቾች እንዲረዳዱ ተብሎ መገፋፋት ተፈቅዶላቸው ነበር። እነርሱ ግን አንዱ ሌላውን ወደ ገደል ይገፋው ጀመር። ቼን የሥነ ልቦና ባለሙያ አማከረ፤ ሰው በማያውቀው ዓለም እንደ ሕፃን ጎላ ያለ ምላሽ የሚያስገኝለትን ድርጊት ሁሉ እንደሚሞክር ተረዳ። መፍትሔው ሰውን መውቀስ አልሆነም፤ መገፋፋቱን ከሥርዓቱ ማውጣት ሆነ። የክፋት ዕድሉ ሲወገድ ያንኑ ቦታ መተሳሰብ ያዘው።

በአንድ ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ ሦስት ዓመት ያህል ወሰደ፤ ኩባንያውም በመጨረሻ ገንዘቡን ጨረሰ። ጨዋታው ከወጣ በኋላ ግን በ2013 በብሪታኒያው የባፍታ ሽልማት አምስት ዘርፎችን አሸነፈ። ኦስቲን ዊንቶሪ የደረሰው ሙዚቃም ለግራሚ ታጨ፤ በዚያ ዘርፍ ሙሉ የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ሲታጭ የመጀመሪያው ነበር። ለነገሩ በጨዋታው ቃል የሚሰማው በመዝጊያው መዝሙር ብቻ ነው፤ እርሱም ላቲንን፣ ግሪክኛንና ጃፓንኛን ጨምሮ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ስለሚዜም ሁሉንም የሚረዳው አድማጭ ጥቂት ነው።

ከሽልማቶቹ ይልቅ ክብደት ያለው ምናልባት ቼን በአደባባይ ያነበበው ደብዳቤ ነው። አባቷን በካንሰር ያጣች የ15 ዓመት ልጅ፣ በመጨረሻው ወቅት አብረው የተጫወቱት ይህንን ጨዋታ እንደነበር ጽፋለታለች። ተራራውን የሚወጣው ፍጡር በበረዶው ውስጥ እየደከመ፣ እርምጃው እየከበደ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ቤተሰቡ ለምን እንዲያ እንደተነካ ይገባዋል።

በ2015 በፕሌይስቴሽን 4፣ በ2019 ደግሞ በኮምፒውተርና በአይፎን ቀርቧል። ከምናሌው ጥቂት ቃላት በስተቀር የሚነበብ ነገር ስለሌለው፣ አረብኛም ሆነ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ያለ ተርጓሚ ሊጫወተው ይችላል። ፍጻሜው ላይ በመንገድ የተገናኙት ሰዎች መጠሪያዎች በዝርዝር ይወጣሉ። ብዙዎች ከአንድ ባልንጀራ ጋር የተጓዙ መስሏቸው ሳለ፣ ሦስት ወይም አራት ስም አይተው የሚደነቁት በዚያን ጊዜ ነው።