ጠልሰምና ሐዘን፦ በሥዕል የመፈወስ ልማድ ታሪክ

ክታብ የግዕዝ ጸሎትና ሥዕል ያለበት፣ ሕመምተኛ አንገቱ ላይ የሚያስረው ወይም ከመኝታው አጠገብ የሚሰቅለው የብራና ጥቅል ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በትግራይ ደብተራዎች ሲያዘጋጁት ኖረዋል። ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታየው በአብዛኛው ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው።

በልማዱ መሠረት በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፤ ሕመምተኛው በደሙና በፈርሱ ይታጠባል፤ ቆዳው ተፍቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በቀጭኑ ተቆርጦ ይቀጣጠልና ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይሆናል። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፣ የሕመምተኛው የክርስትና ስም በቀይ ይጻፋል። በየመካከሉ ጠልሰም ይሣላል፦ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ የተጠላለፈ ሐረግ፣ ከሁሉም በላይ የፈጠጡ ዓይኖች። በሰው ላይ ያደረ ክፉ መንፈስ የሚያየው በዚያው ሰው ዓይን ነው ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ጠልሰሙን ትኩር ብሎ ሲያይ መንፈሱ ደንግጦ ይለቃል።

ብዙ ክታብ የተጻፈው ለሴቶች ነው፤ በተለይም ፅንስ ለሚጨነግፍባቸውና ልጅ ለሚሞትባቸው። ለእነርሱ ከሚጻፈው ሁሉ የታወቀው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ነው። በታሪኩ ወርዝልያ የተባለች ሕፃናት ገዳይ የሱስንዮስን ጨቅላ ትገድላለች፤ እርሱም ፈረሱን ጭኖ ተከታትሎ በጦር ይወጋታል። ልጆቿን በተከታታይ የቀበረች እናት በብራናዋ ላይ የምታየው ይህንኑ ነው፦ ልጅ የሞተበት አባት፣ ስም የወጣለት ገዳይ፣ ፍርድ። ክታብን በባዕድ አምልኮነት ብቻ የሚያዩት ይህን የሐዘን ገጽታውን ይስቱታል። ቤተ ክርስቲያን አስማትን ብታወግዝም፣ ክታብ ጻፊዎቹ በራሷ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ነበሩ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጌራና ጌዴዎን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ጠልሰምን በወረቀት ላይ እየሣሉ አስፋፉት። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ የኢትዮጵያን የፈውስ ሥዕል ለዓለም አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ዮርክ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም በዚሁ ላይ ያተኮረ ዐውደ ርእይ ቀረበ።

በክታብ ሥዕሉን የሚሠራው ደብተራው ነበር፤ በዘመናዊው የሥዕል ሕክምና ግን ብሩሹን የሚይዘው ራሱ ሕመምተኛው ነው። «የሥነ ጥበብ ሕክምና» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል ነው፤ በሳንባ ነቀርሳ ተኝቶ ሳለ መሣል እንዴት እንዳጽናናው ስላየ፣ ሌሎች ሕሙማንም እንዲሥሉ አደረገ። በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሠዓሊዋ ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ በቴሬዚን ጌቶ ለታጎሩ አይሁዳውያን ሕፃናት በስውር ሥዕል ታስተምር ነበር። እርሷ እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሽዊትዝ ተገደለች፤ 4,500 ያህል የልጆቹ ሥዕሎች ግን ተርፈዋል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ አሮጌውና አዲሱ የፈውስ መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከሱሉልታ ወዲህ በእንጦጦ ጋራ ላይ የማርያም ጠበል አለ፤ በቡራዩ በኩል ደግሞ በገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ይገኛል። ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ወደ ጠበልም ወደ ሐኪምም ይወስዳል። ሥዕል በአገሪቱ ለሥነ ልቦና ድጋፍ ሲውል በይበልጥ የሚታየው ከጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች በተጠለሉባቸው ጣቢያዎች፣ ለሕፃናት ምቹ ተብለው በተለዩ ቦታዎች ነው። እዚያ ልጁ ወረቀትና ከለር ይሰጠዋል፤ የሣለው አይታረምም፣ ነጥብም አይሰጠውም። ምን እንደሆነ መናገር ከፈለገ ደጋፊው ያዳምጠዋል፤ ካልፈለገ አይገደድም።