ጥፋቱ የት ላይ ነው? ከቨርሷ እስከ አዲስ አበባ፣ የአንድ ራውተር መንገድ

ቨርሷ ከጄኔቫ በስተሰሜን፣ በሌማን ሐይቅ ዳርቻ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ግዛት ነበረች። የሉዊ 15ኛ ሚኒስትር የነበረው ሹዋዘል ከጄኔቫ ጋር የሚፎካከር የወደብ ከተማ ሊቆረቁርባት ቢጀምርም፣ በ1770 ከሥልጣኑ ሲወርድ ዕቅዱ መና ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጄኔቫ ወደ ስዊስ ኮንፌዴሬሽን ስትገባ ከተቀረው አገር ጋር በየብስ የሚያገናኛት መሬት አልነበራትም፤ መካከል ላይ የቆመው ይኸው የቨርሷ ቁራጭ ነበር። ኖቬምበር 20 ቀን 1815 የተፈረመው ሁለተኛው የፓሪስ ውል ቨርሷንና አጎራባች መንደሮችን ለጄኔቫ ሰጠ፤ መሬቱም ተገናኘ። የፈረንሳይ ድንበር ግን እስከ ዛሬ ከከተማይቱ ጀርባ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ይገኛል።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በዚያው ሥፍራ ሌላ ዓይነት የመገናኘት ችግር አለ። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ መብራቱ በርቷል፤ የእጅ ስልኩ የዋይፋዩን ምልክት ሙሉ አድርጎ ያሳያል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዲስ አበባ ካለችው እናት ጋር የተጀመረው ጥሪ ግን በመካከሉ ይቆረጣል። ራውተሩ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይወቀሳል፤ በመጨረሻም በሌላ ይለወጣል። አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው፤ ቅጣቱ ያረፈው ቅርብና ዝምተኛ በሆነው ዕቃ ላይ ነው። ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ሕጎች ወይም ሁለት ሥልጣኖች በሚጋጠሙበት ስፌት ላይ ነው። ስፌቶቹ ደግሞ ታሪክ አላቸው፤ ታሪካቸውን የሚያውቅ ሰው ጥፋቱን ቶሎ ያገኘዋል።

የወል ግጦሽና ርስት

ራውተሩ በሁለት መንገዶች መካከል የቆመ በረኛ ነው። አንደኛው መንገድ ከእጅ ስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው አጭሩ የዋይፋይ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ቴሌኮም ኩባንያው ማማ የሚዘልቀው ረጅሙ የሞባይል መንገድ ነው። በእጅ ስልኩ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚናገረው ስለ አጭሩ መንገድ ብቻ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጽ አልከፈት ካለ አጭሩ መንገድ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ወደ ማማው ይዞራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኮምፒውተርን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ይበቃል። በኬብል የሚሠራው በዋይፋይ ካልሠራ ጥፋቱ የአጭሩ መንገድ ነው፤ በሁለቱም ካልሠራ የረጅሙ።

ሁለቱ መንገዶች የሚተዳደሩበት ሥርዓት ፈጽሞ የተለያየ ነው። በ1985 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ጥቂት የሬዲዮ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ ማንም እንዲጠቀምባቸው ከፈተ፤ በ1997 የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ ወጣ። ይህ እንደ ወል ግጦሽ ነው፤ ሁሉም ከብቱን ያሰማራበታል፣ ማንም ሌላውን ሊከለክል አይችልም። የሞባይል ሞገድ ግን እንደ ርስት ነው፤ ኩባንያ በመንግሥት ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜም በጨረታ የሚይዘው፣ ወሰኑም የታወቀ። ስለዚህ ዋይፋይ የሚታመመው በመጨናነቅ ነው፤ የሞባይል መስመር የሚታመመው በአብዛኛው በወሰን፣ በርቀትና በደንብ ነው።

ከተራራው ላይ ያለው ራዳር

በጄኔቫና በዙሪክ የአፓርታማ ሕንፃዎች ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው አሮጌው የዋይፋይ ሞገድ የተጣበበ ነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። መድኃኒቱ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር ነው። በዚያ ግን ቀድሞ የሰፈረ ባለቤት አለ፤ እርሱም ራዳር ነው። በ2003 በዚያችው በጄኔቫ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ዋይፋይ ይህን ሰፈር እንዲጋራ ሲፈቅድ ቅድሚያውን ለራዳር ሰጠ። ራውተር የራዳር ድምፅ ከሰማ ቻናሉን ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ አዲስ ቻናል ከመያዙ በፊት ለአንድ ደቂቃ ጆሮ መስጠት ይገደዳል፤ ለአየር ትንበያ ራዳሮች በተጠበቀው ክፍል ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ።

የስዊዘርላንድ የአየር ትንበያ አገልግሎት ከጄኔቫ በላይ በላ ዶል ተራራ፣ ከዙሪክ አጠገብ ደግሞ በአልቢስ ኮረብታ ላይ ራዳር አለው። በሁለቱም ከተሞች አካባቢ የ5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ ድንገት ጠፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ ቢመለስ፣ ከዕቃው መሰበር በፊት ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ሕግ ነው። ቻናሉን ራዳርን የማዳመጥ ግዴታ ከሌለባቸው ከ36 እስከ 48 ካሉት በአንዱ ላይ ማጽናት ጥርጣሬውን ይፈትነዋል።

228 እና 208

ረጅሙ መንገድ ከታመመ የመጀመሪያው ጥያቄ ራውተሩ ከማን ማማ ጋር ነው የተያያዘው የሚለው ነው። መልሱ በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። 228 ስዊዘርላንድ ነው፤ 208 ፈረንሳይ ነው። ቁጥሮቹን ለአገሮች የሚያድለው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። በ1865 በፓሪስ ተመሥርቶ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለብዙ ዘመን በበርን ከቆየ በኋላ በ1948 ወደ ጄኔቫ የተዛወረ ድርጅት ነው። ከቨርሷ በባቡር የደቂቃዎች መንገድ ነው።

የሬዲዮ ሞገድ የ1815ን ውል አያውቅም። አጎራባች አገሮች በድንበር ላይ የሞገድ ኃይል እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ ይስማማሉ፤ ስምምነቱ ግን ሞገዱን ይገድበዋል እንጂ አያቆመውም። ስለዚህ በቨርሷ በድንበሩ አቅጣጫ መስኮት ላይ የተቀመጠ ራውተር ከፈረንሳይ ማማ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ሮሚንግ ከተዘጋበት መስመሩ ይቆረጣል፤ ከተከፈተለት እንደ ውሉ ዓይነት ሒሳቡ ሊያብጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በጁን 2017 በአባል አገሮቹ መካከል የሮሚንግን ተጨማሪ ክፍያ ሲያነሳ ስዊዘርላንድ አባል ስላልሆነች ደንቡ ለእርሷ አልደረሰም። መፍትሔው ራውተሩ ኔትወርክን በራሱ እንዲመርጥ ከመተው ይልቅ የስዊሱን ኩባንያ በእጅ መርጦ ማጽናትና ዕቃውን ወደ ስዊስ ማማ በሚያይ መስኮት ማስቀመጥ ነው። ያው ራውተር ከድንበር ርቃ ወደምትገኘው ዙሪክ ተወስዶ ችግሩ ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቁጥሩ 228 ሆኖ መስመሩ ቢደክምስ? እዚህ ላይ ሁለት መልካም ፖሊሲዎች ይጋጠማሉ። ስዊዘርላንድ በ1999 ባወጣችው የጨረራ መከላከያ ደንብ፣ ሰዎች ረጅም ጊዜ በሚቆዩባቸው ቦታዎች አንድ የሞባይል ጣቢያ የሚያደርሰው የሞገድ ኃይል በሜትር ከ4 እስከ 6 ቮልት እንዳይበልጥ ወሰነች፤ ከዓለም አቀፉ መመሪያ በአሥር እጥፍ ገደማ የጠበበ ነው። ፓርላማው ወሰኑን እንዲያላላ በ2016ና በ2018 ቢጠየቅም የላይኛው ምክር ቤት በጠባብ ልዩነት አልተቀበለውም። በሌላ በኩል ኃይል ቆጣቢ ሕንፃ መገንባት ተስፋፋ፤ ሙቀት እንዳያመልጥ በስስ የብረት ሽፋን የተቀባው መስታወት ሞገድንም ያግዳል። አንዱ ደንብ ጤናን፣ ሌላው የአየር ንብረትን ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት ሳሎን ውስጥ ባለው ራውተር ላይ ነው።

ይህን የሚለየው የራውተሩ የሲግናል ቁጥር ነው። የአራተኛው ትውልድ ሲግናል ከ−90 ዲቢኤም የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ−110 የከፋ ከሆነ ደካማ። ቁጥሩ መስኮቱ ሲከፈት ከተሻሻለ ጥፋቱ የመስታወቱ ነው፤ የውጭ አንቴና ያስፈልጋል። ቁጥሩ ጧትም ማታም አንድ ሆኖ ፍጥነቱ ማታ ብቻ ከወደቀ ማማው ተጨናንቋል፤ ለዚህ አዲስ ራውተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

636፦ ሁለተኛው ሲም

በቨርሷ ያለው ሁሉ ተፈትሾ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ወደ ጥሪው ሌላኛው ጫፍ ይሻገራል። የኢትዮጵያ ቁጥር 636 ነው። አገሪቱ የረጅም ርቀት ስልክን በምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር በተዘረጋው መስመር አወቀች፤ የዓለም አቀፉ ኅብረት አባል የሆነችው በ1932 ነው። የቴሌኮም አገልግሎቱ ስሙንና አደረጃጀቱን እየቀያየረ ለብዙ ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ቆየ።

የዚህ ብቸኝነት ጉዳት ብዙ ጊዜ በዋጋና በጥራት ይለካል። ሌላም ብዙ ያልተነገረለት ጉዳት ነበረው፤ ደንበኛው ጥፋቱን የመለየት አቅም አልነበረውም። የሲም ራውተርን ለመመርመር ካሉት መንገዶች ሁሉ ቀላሉ የሌላ ኩባንያ ሲም አስገብቶ ማየት ነው። በሁለተኛው ሲም ከሠራ ዕቃው ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ፈተና የተቻለው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 አገልግሎት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል ዕቃውንም፣ ማማውንም፣ ድርጅቱንም፣ መንግሥትንም በአንድነት የሚሸፍን ነበር።

ሁለተኛው ሲም የሚገልጠው ሌላም ነገር አለ። ሁለቱም ሲሞች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክልል ሲቆሙ የዕቃም የኩባንያም ጥፋት የመሆን ዕድሉ ይጠባል፤ የጋራ መስመር መቆረጥ ወይም የመንግሥት ትእዛዝ ይቀራል። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በሞባይል መስመር ላይ የተመሠረተ ራውተርም አብሮ ዲዳ መሆኑ ግድ ነው። ምልክቱ የሚለያይበትም ጊዜ አለ። በፌብሩዋሪ 2023 ማኅበራዊ መገናኛዎች ሲታገዱ ኢንተርኔቱ እየሠራ የታወቁ መተግበሪያዎች ብቻ አልከፈት አሉ፤ እገዳው የተነሳው በጁላይ ነው። ኢንተርኔቱ ሙሉ በሙሉ ሲቆም አንድ ዓይነት ምልክት ይታያል፣ መተግበሪያ ሲመረጥ ሌላ። በእናትና በልጅ መካከል ያለው ዝምታ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ዝምታውን በፍርሃት ይሞላዋል።

ለፖሊሲ የሚተርፈው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የስዊዘርላንድ ነዋሪ ስፌቶቹን ሁሉ በጽሑፍ ያገኛቸዋል፦ የጨረራው ወሰን በደንብ ታትሟል፣ የራዳሩ ቅድሚያ በጉባኤ ሰነድ ሰፍሯል፣ የድንበሩ ቁጥር በራውተሩ ገጽ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ሊከራከርበት ይችላል፤ በ2016ና በ2018 እንደታየውም ይከራከርበታል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1148/2019 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኩባንያዎችን ይቆጣጠራል። ዳያስፖራው ስለ ገበያው መከፈት ሲመክር የሦስተኛ ኩባንያን ፈቃድ ብቻ ከጠየቀ ግማሹን ብቻ ጠይቋል። ቀሪው ግማሽ መስመር በተቋረጠ ጊዜ የት ላይ እንደተቋረጠ፣ በማን ትእዛዝ እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ በይፋ እንዲነገር የሚያስገድድ ደንብ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ መስመሩን አይቀጥለውም፤ እናትየዋ ደኅና መሆኗን ለማወቅ ሌላ መንገድ መፈለግ እንዳለበት ግን ለልጁ በጊዜው ይነግረዋል።