ምኞት፣ ስለትና ኪዳን
የቃል ኀይል በዋግና በአበርገሌ ከሃይማኖት ጋር የታረቀበት መንገድ

የሰው ምኞት በሐሳብ ከተሣለና በቃል ከተነገረ በኋላ በእርግጥ ይፈጸማል የሚለው እምነት በዛሬው ዘመን ከባሕር ማዶ በመጣ ስም ይጠራል። በከተማ የተማረው ወጣት «ማኒፌስት ማድረግ» ይለዋል፤ ይኸውም የተመኙትን ነገር አስቀድሞ እንደ ተቀበሉት አድርጎ በልብ መሣል፣ በአፍ መናገርና በጽኑ መጠበቅ ማለት ነው። ይህ ትምህርት ከሃይማኖት ጋር ይስማማልን ወይስ ይቃረናል? የሚለው ጥያቄ አዲስ መስሎ ይታያል። በኢትዮጵያ ግን ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቃልና ምኞት ነገርን ያመጣሉ የሚል እምነት በአገሩ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ ከሃይማኖት ጋር እንዴት እንደሚታረቅም ነገሥታትና ሊቃውንት፣ ካህናትና ገበሬዎች በየበኩላቸው መልስ ሰጥተውበታል። የዚህን መልስ አካሄድ ለመመርመር ዋግ፣ ይልቁንም የአበርገሌ ቆላ፣ የተመቸ ስፍራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አበርገሌ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው ሞቃት ምድር ነው። ዛሬ ከፊሉ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ፣ ከፊሉም በትግራይ ክልል ይገኛል። በዋግ ኽምራ አማርኛ ከአገው ወገን ከሆነው ከኽምጣንጋ ቋንቋ ጋር ጎን ለጎን ይነገራል። አገሩ በስሙ በሚጠራው የፍየል ዘር የታወቀ ሲሆን፣ የዝናሙ ወራት ግን አጭርና የማይታመን ነው። የክረምቱ ደመና ዘግይቶ ከመጣ ወይም ቶሎ ከሄደ የዓመቱ ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ምድር ምኞትና ፍጻሜው ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ ሰማዩን ማየት ይበቃል።

እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሕዝብ ቃልን አቅልሎ አይመለከትም። ሽማግሌ ሲመርቅ የተሰበሰበው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሜን» ይላል፤ ምርቃቱ ባዶ መልካም ምኞት ሳይሆን በተመረቀው ሰው ላይ የሚያድር ነገር ነው ተብሎ ይታመናልና። የአባትና የእናት እርግማንም እንደዚሁ ይፈራል። ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ የሚናገረውን ሰው «አታሟርት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ክፉውን በቃልህ አትጥራው ማለት ነው። እንግዲህ ቃል የተናገረውን ነገር ወደ ራሱ ይስባል የሚለው አሳብ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የራሱ ስም ያለው አሮጌ አሳብ መሆኑ ግልጽ ነው።

ነገር ግን ይኸው ሕዝብ ስለ ነገ በተናገረ ቁጥር አንድ ልጓም ያበጃል። «ዘንድሮ እግዜር ካለ ማሽላው ያፈራል» ይላል እንጂ «ያፈራል» ብሎ አይቆርጥም። የአነጋገሩ ፍሬ በግሱ ላይ ነው፤ «ካለ» ማለት «ከተናገረ» ማለት ነውና። የሰው ቃል ነገርን የሚያመጣው የእግዚአብሔር ቃል ከቀደመው ብቻ ነው። በወሎም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሙስሊሙ «ኢንሻአላህ» ሲል የሚያኖረው ልጓም ይህንኑ ይመስላል። ስለዚህ የቃልን ኀይል ከሃይማኖት ጋር የማስታረቁ ሥራ የሚጀምረው ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከገበሬው የዘወትር አነጋገር ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የማስታረቂያ መንገድ ስለት ነው። ቃሉ «ሰአለ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን በግእዝ ልመና ማለት ነው። በአማርኛ ግን ትርጓሜው ጠብቆ ልመናና ውል በአንድነት የታሠሩበት ስም ሆኗል። መካን ሴት ልጅ ብትወልድ፣ የታመመ ቢድን፣ የጠፋ ከብት ቢገኝ ለታቦቱ ጧፍ ወይም ዕጣን፣ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ፣ ሙክት ወይም ወይፈን ለማግባት ቃል ይገባል። የተመኙትን ነገር ለይቶ መሰየም፣ በአፍ መናገር፣ በተስፋ መጠበቅ፤ እነዚህ ሁሉ በዘመናዊው ትምህርት ውስጥም ይገኛሉ። ልዩነቱ በስለት ውስጥ ሌላ ወገን መኖሩ ነው። የተሳለው ሰው የሚናገረው ለዓለሙ ወይም ለራሱ ልብ ሳይሆን ሊሰጥም ሊከለክልም ለሚችል አካል ነው። ስለቱ ሲሰምርም ባለዕዳ ይሆናል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘው ሕዝብ ለመለመን ብቻ አይሄድም፤ ዕዳውን ለመክፈልም ይሄዳል።

ሦስተኛው መንገድ በገድላት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ለዋግ በተለይ የቀረበ ነው። የዋግ ሹሞች በ1270 መንግሥታቸውን ካጡት ከዛጔ ነገሥታት ዘር እንደሚወለዱ በትውፊት ይቈጠራል፤ ከእነርሱም ወገን ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል። ከዛጔ ነገሥታት ሁሉ ስሙ የገነነው በ12ኛው ምዕት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ላሊበላ ነው። ከዘመኑ ብዙ ቆይቶ የተጻፈው ገድሉ፣ ፔሩሾን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1892 ከፊሉን ያሳተመው፣ ላሊበላ ወደ ሰማይ ተነጥቆ ከአንድ ድንጋይ የታነጹ አብያተ ክርስቲያናት እንዳየና ወደ ምድር ተመልሶ ያየውን በዐለት እንደ ፈለፈለ ይተርካል። አስቀድሞ ማየት፣ ኋላ በእጅ መሥራት፤ ከዚህ የበለጠ የ«ማኒፌስት» ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም። ይሁን እንጂ የገድሉ ጸሐፊ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠብቃል፤ ላሊበላ ያየው የተመኘውን አይደለም፤ የታየውን ነው እንጂ። መንግሥቱ እንኳ የተሰጠው ለዚህ ዓለም ክብር ሳይሆን ያን ሕንጻ ይሠራ ዘንድ ነው ይላል። ራእዩ ሥጦታ ነው፤ ሥጦታውም ግዴታ ነው፤ ግዴታውም በመሮ የሚፈጸም ረጅም ድካም ነው።

ከእነዚህ መንገዶች ውጭ የቀረው አስማት ነው። አስማት በግእዝ ስሞች ማለት ሲሆን፣ ስውር የሆኑ መለኮታዊ ስሞችን በመጥራት ወይም በክታብ ጽፎ በአንገት በማሠር ፈውስን፣ መፈቀርንና ሀብትን ለማግኘት የሚደረገው ነው። ባጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1929 ያሳተመው ልፋፈ ጽድቅ የተባለው መጽሐፍም ከሙታን ጋር የሚቀበር የስሞች ጸሎት ነው። በአስማትና በስለት መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ይመስላል፤ ነገር ግን መሠረታዊ ነው። ባለ ስለቱ ይለምናል፤ ባለ አስማቱ ያዛል። በአስማት ዘንድ ስሙ በትክክል ከተጠራ ውጤቱ ግድ ነው፤ ፈቃጅም ከልካይም የለም።

ይህን ነገር በግልጽ የተዋጋው ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ጠንቋዮችንና ጣዖት አምላኪዎችን በመጽሐፈ ብርሃን አወገዘ፤ በዜና መዋዕሉ እንደ ተጻፈውም ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹም ሰይጣንንና ደስክ የተባለውን መንፈስ የሚክድ ቃል እንዲጽፍ አዘዘ። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ለመርማሪ የሚረባ ነገር አለ። ንጉሡ በገላ ላይ የሚጻፍ ቃል ኀይል የለውም አላለም፤ ራሱም ቃልን በገላ ላይ አስጻፈ እንጂ። የተከራከረው ስለ ቃል ኀይል ሳይሆን ስለ ቃል ባለቤት ነው። ሰው ያዘዘውን ቃል በመካድ ቃል ተካው። ክርክሩ በደም የታጀበ መሆኑ አይካድም፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ በዚሁ ክስ ጠፍተዋል። የቃልን ባለቤት ለመለየት የሚደረግ ፍርድ በመንግሥት እጅ ሲወድቅ እንዴት እንደሚከፋ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ከቅጣቱ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን የኪዳን ትምህርት ነው። ኪዳን እግዚአብሔር ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ሰጠ የተባለ የተስፋ ቃል ሲሆን፣ ስማቸውን የጠራ፣ ዝክራቸውን የዘከረ፣ በስማቸው የተራበን ያበላ ምሕረት ያገኛል ይላል። በየካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ የዚህ ሁሉ ምሳሌ ነው፤ ሰው ይበላ የነበረው ኃጢአተኛ በማርያም ስም ለጠየቀው ድኻ እፍኝ ውሃ በመስጠቱ ዳነ ይባላል። በዚህ ታሪክ ስም ኀይል አለው፤ ኀይሉ ግን ከድምፁ አይወጣም፤ አስቀድሞ ከተሰጠ ተስፋ ይወጣል። ከዚህም በላይ ስሙ የተጠራው በበላዔ ሰብእ አፍ ሳይሆን በተጠማው ሰው አፍ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። የዳነው ስሙን በመናገሩ ሳይሆን ስሙን ሰምቶ በመስጠቱ ነው።

እንግዲህ የውጭው ትምህርት ከየት እንደ መጣ ማየት ይገባል። ሥሩ በ19ኛው ምዕት በአሜሪካ የተነሣው «አዲስ አሳብ» የተባለው እንቅስቃሴ ነው። ከ1802 እስከ 1866 የኖረው ሰዓት ሠሪው ፊኒየስ ኪምቢ በሽታ ከተሳሳተ እምነት ይመጣል፤ እምነቱ ሲታረም ይድናል ብሎ አስተማረ። ዊልያም ጄምስ በ1902 ባሳተመው የሃይማኖት ጥናቱ ይህን እንቅስቃሴ እንደ አንድ የሃይማኖት ዐይነት መርምሮታል። ወዲያው ትምህርቱ ከፈውስ ወደ ገንዘብ ተሻገረ፤ ዋላስ ዋትልስ በ1910፣ ናፖሊዮን ሂል በ1937 ስለ መበልጸግ የጻፏቸው መጻሕፍት የዚህ ምስክር ናቸው። በ1952 ኖርማን ቪንሰንት ፒል የተባለው ቄስ በስብከት መልክ አቀረበው፤ በ2006 ደግሞ የሮንዳ በርን መጽሐፍና ፊልም «የመሳብ ሕግ» በሚል ስም በዓለም ሁሉ አሰራጨው። ስለዚህ ትምህርቱ ከክርስትና አገር የበቀለ ቢሆንም ሰጪውን አካል ቀስ በቀስ በሕግ ለወጠው። ልመናው ሕግ ሲሆን ስለት መሆኑ ቀርቶ ወደ አስማት ይጠጋል።

አንዳንድ አማኞች ወንጌል ለምናችሁ እንደ ተቀበላችሁ እመኑ ማለቱን ጠቅሰው ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ናቸው ይላሉ። መከራከሪያው ቀላል አይደለም፤ እምነት በርግጥ ከማየት ይቀድማልና። ነገር ግን ያው አዲስ ኪዳን በያዕቆብ መልእክት ለክፉ ምኞት የሚለምን እንደማይቀበል፣ ስለ ነገም ጌታ ቢፈቅድ ማለት እንደሚገባ ያስተምራል፤ ይኸውም የገበሬው «እግዜር ካለ» ነው።

ልዩነቱ በይበልጥ የሚገለጠው ምኞቱ ሳይፈጸም ሲቀር ነው። ዋግ በ1984ና በ1985 በደረሰው ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ከሰቆጣ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ኮረም በእግሩ ተሰደደ። «የመሳብ ሕግ» እውነት ቢሆን በኮረም ሜዳ የወደቀው ሕፃን ረኀቡን በሐሳቡ የሳበ ሊባል ነው። ትምህርቱን በቅንነት የተከተለ ሰው ከዚህ ፍርድ ማምለጫ የለውም። አገሬውም ቢሆን መቅሠፍትን ከኃጢአት ጋር ማያያዙ እውነት ነው። ሆኖም በምሕላ ቀን ካህኑና መኰንኑ፣ ባለጸጋውና ድኻው በአንድነት እግዚኦታ ያደርሳሉ፤ «በኃጢአታችን» ይላሉ እንጂ «በኃጢአትህ» አይሉም። ጥፋቱ የሁሉ ስለሆነ የተራበው ለብቻው አይከሰስም፤ የጠገበውም ነጻ አይወጣም።

ምሕላውም እጅን አያሥርም። በ1888 በጀመረው ክፉ ቀን የቀንድ ከብቱ በበሽታ ባለቀ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩና ለመኳንንቱ ምሳሌ እንደ ሆኑ ይተረካል። በሬ በሌለበት ምድር ጸሎት መሮና ዶማ የሚያስጨብጥ እንጂ የሚያስጥል አለመሆኑን ይህ ትረካ ያሳያል።

የአገሩ ትውፊት ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም። «አታሟርት» የሚለው ቃል የድርቅን ምልክት ቀድሞ ያየውን ሰው ዝም ሊያሰኝ ይችላል፤ ስለትም በድኻ ጫንቃ ላይ የማይቻል ዕዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የምኞትን ኀይል ከሃይማኖት ጋር ለማስታረቅ የሚሻ ሰው ሦስት መመዘኛዎችን ከዚህ ትውፊት ሊወስድ ይችላል፤ ቃሉ የማን ነው? የተቀበለ ሰው ለማን ባለዕዳ ነው? ያልተቀበለውስ በማን ይከሰሳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ምኞት ጸሎት ነው፤ መልስ የሌለው ግን ስሙ ቢለወጥም ዘርዐ ያዕቆብ የተዋጋው ነገር ነው። የአበርገሌ ገበሬ በደረቅ ማሳው ዳር ቆሞ ደመናውን እያየ «እግዜር ካለ» ሲል ተስፋውን ማሳነሱ አይደለም፤ ዝናሙ ቢቀር ጎረቤቱን የማይከስበት፣ ቢመጣም ሙክቱን ለታቦት የሚያገባበት ውል መግባቱ ነው።