«አደሰ»፦ የአንድ ግሥ መነሻና ትርጉም

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጋሸና ላይ ሲደርስ ወደ ላሊበላ የሚያመራውን መንገድ ይገነጥላል። ይህ መገንጠያ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተፈራረቀበት ስፍራ ነው። ጦርነት ባለፈበት አገር ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የፈረሰው እንዴት ይታደስ የሚለው ነው። ስለዚህ «አደሰ» የሚለውን ግሥ ከመነሻው መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በ«አደሰ» መነሻ ላይ ያለው «አ» በ«አወጣ» ላይ እንዳለው ባዕድ መነሻ ይመስላል፤ ነገር ግን የግሡ ሥር ነው። ከ«አወጣ» ላይ «አ» ሲነሣ «ወጣ» ይቀራል፤ «ደሰ» ግን በዚህ ትርጉም ብቻውን አይቆምም። ምንጩ የግእዙ «ሐደሰ» ሲሆን፣ አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ በመተዉ «ሐ» ወደ «አ» ተለውጧል። «ተ» ሲጨመርበትም «ታደሰ» ይሆናል። «አዲስ»፣ «እድሳት» እና «ተሐድሶ» የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው፤ የዕብራይስጡ «ሐዳሽ» እና የዐረብኛው «ሐዲስ» ደግሞ ዘመዶቹ ናቸው። በጥንቷ መስጴጦምያም ነገሥታት የፈረሰ ቤተ መቅደስ መልሰው ማቆማቸውን በጽሑፍ ያስቀርጹ የነበረው በዚሁ ሥር በአካድኛ ግሥ ነበር።

«ጀመረ» ከእርሱ በፊት ምንም እንዲኖር አይጠይቅም። «አደሰ» ግን ቀድሞ የነበረ ነገርን ይሻል። ፈቃዱን ያሳደሰ ሰው ኃይሉ ያለቀበትን ያንኑ ፈቃድ ያጸናል እንጂ ሌላ ሥራ አይጀምርም።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ይህን ልዩነት ያስተምራል። ከውቅሮቹ አንዳንዶቹ ለጥገና ተብሎ ሬንጅ ተቀብተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ያንን ልባስ ማንሣት ግድ ሆነበት። አሳቢው እጅ የጨመረውን ሌላው እጅ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁት የብረት መጠለያዎችም ለጊዜው ተብለው የተተከሉ ቢሆኑም ለረጅም ዓመታት በዚያው ቆመዋል።

እንግዲህ በፈረሰ ቤት ቦታ ላይ ሌላ ቤት መሥራት የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ስሙ ግን ግንባታ ነው። እድሳት ለመባል አስቀድሞ የነበረውን መለካት፣ የፈረሰበትን ምክንያት መለየትና በዚያ ይኖር የነበረውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። በጋሸናም ሆነ በሌላ ስፍራ ለመሐንዲስ ይህ የቃል ጨዋታ ሳይሆን የሥራ ቅደም ተከተል ነው።