በሐዘን ቤት የሚዘለለው የኢዮብ ምዕራፍ፦ ጥያቄና ታዛዥነት በሐድያና በከምባታ

በሐድያና በከምባታ ወንጌላውያን ምእመናን ዘንድ ለቅሶ ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት ክፍሎች አንዱ ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን አጥቶ እግዚአብሔርን የባረከበት የመጽሐፉ ምዕራፍ 1 ሲሆን፣ ያው ኢዮብ የተወለደበትን ቀን የረገመበት ምዕራፍ 3 ግን በሐዘንተኛ ፊት እምብዛም አይነበብም። የዚህ ምርጫ መነሻ በከፊል ታሪካዊ ነው፤ በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሆሳዕና አካባቢ ሥራ በጀመሩት ሚሲዮናውያን አማካይነት የተመሠረተው ማኅበረ ምእመናን፣ በጣልያን ወረራ ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ በኋላ ብቻውን የቆመ፣ በደርግ ዘመንም ጸሎት ቤቶቹ የተዘጉበት በመሆኑ፣ መጽናትን ከሁሉ በላይ ማክበሩ አያስገርምም።

ይሁንና መጽሐፈ ኢዮብ ራሱ ይህን አነባበብ አይደግፍም። በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የሚቆጣው አምርሮ በጠየቀው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ መከራን ሁሉ የኃጢአት ዋጋ አድርገው ለእግዚአብሔር ጥብቅና በቆሙት ወዳጆቹ ላይ ነው፤ ኢዮብም ለእነዚሁ ወዳጆቹ ይጸልያል። (ወዳጆቹ ከሠሩት ሁሉ የሚመሰገነው ሳይናገሩ ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው ነው፤ ለቅሶ መቀመጥን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።) በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊትም ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ስለሚደገም፣ በግእዙ አቆጣጠር 87ኛው፣ በሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች ደግሞ 88ኛው የሆነውና በጨለማ የሚያበቃው መዝሙር፣ ደጋሚው ደስ ቢለውም ቢከፋውም ተራው ሲደርስ ይጸለያል። እንዲህ ሲሆን አቤቱታው ከአምልኮው ውጭ የሚሰማ ማጉረምረም መሆኑ ቀርቶ የአምልኮው አካል ይሆናል።

ጉዳዩን ዛሬ አጣዳፊ ያደረገው ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ የበረታው ከሐድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ስደት ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተዘግቧል። የሐድያን ስደት ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ እንደሚያሳዩት ደግሞ ጉዞው በኢኮኖሚ ምክንያት ብቻ የሚብራራ ሳይሆን፣ መንገዱን በእግዚአብሔር የተከፈተ አድርጎ ያቀረበ ትንቢትም ድርሻ ነበረው። እንዲህ ባለ ቦታ ልጁን በመንገድ ላይ ያጣ ወላጅ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ሁለት አድራሻ አለው፤ አንደኛው ወደ እግዚአብሔር፣ ሁለተኛው በእግዚአብሔር ስም ወደተናገረው ሰው ነው። የመጀመሪያውን እንደ አለማመን ቆጥሮ ዝም ማሰኘት፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ሁለተኛውን ከተጠያቂነት ይሸሽጋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ግን ቃሉ ያልተፈጸመለት ነቢይ በድፍረት እንደተናገረ እንዲታወቅ ስለሚያዝዝ፣ ትንቢትን መመርመር ለታዛዥ አማኝ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የተሰጠ ግዴታ ነው።