በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረው ንባብ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1942 ነው። ስታሊንግራድ በጦርነት እሳት እየነደደች ነበር። በገለልተኛዋ አየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ደግሞ፣ ሌንስተር ሀውስ በሚባለው የፓርላማ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ የ69 ዓመት ሽማግሌ መጽሐፍ ይዘው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሰር ጆን ኪን ይባላሉ፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል፣ ሴናተር ናቸው። የያዙት መጽሐፍ በአገሪቱ እንዳይሸጥና እንዳይሰራጭ የታገደ ነው። ገለጥ አደረጉና ለጉባኤው ያነቡ ጀመር።

ወዲያው ሌላ ሴናተር ተነሥተው ተቃወሙ። ይህ ንባብ በቃለ ጉባኤው ታትሞ ከወጣ ጸያፉ ነገር በምክር ቤቱ ስም በየሰዉ እጅ ይገባል የሚል ነበር ስጋታቸው። ተቃውሞው ሰሚ አገኘ። ዛሬ የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ የሚያገላብጥ ሰው ሰር ጆን ያነበቡትን አያገኝም። በቦታው የሚያገኘው በቅንፍ የተቀመጠች አንዲት አጭር ማስታወሻ ናት፦ «ሴናተሩ ከመጽሐፉ ጠቀሱ»።

ሳንሱር የሚለውን ቃል ለእኛ አንባቢ መተርጎም አያስፈልግም። ይህ ግን ከተለመደው ሳንሱር ያልፋል። በሳንሱር ላይ የተካሄደ ክርክር፣ ያውም በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ራሱ በሳንሱር መቀስ ተቆረጠ።

ለመሆኑ መጽሐፉ ምን ቢል ነው?

በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ በኮርክ አውራጃ ተራሮች መካከል ጉጋን ባራ የሚባል ሐይቅ አለ። ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ኮረብታማ ሰፈር ቲም በክሌይ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ከባለቤታቸው ከአናስታሲያ ጋር ይኖሩ ነበር። አገሬው ባልየውን «ልብስ ሰፊው»፣ ሚስትየዋን «አንስቲ» ይላቸዋል። ባልየው መርፌና ክር የያዙት አንድ እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰንካላ በመሆኑ ነው። በስተርጅና ያላቸው ሀብት አንዲት ላምና አነስተኛ የጡረታ ገንዘብ ነበር። ቤታቸው ግን ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም። አይሪሽኛ ሊማሩ የመጡ ተማሪዎች፣ ደራስያን፣ መንገደኞች፣ ጎረቤቶች ሁሉ ማታ ማታ ከምድጃው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ልብስ ሰፊው ከአሮጌ የቅቤ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ተረቱን፣ ታሪኩን፣ የአገር ወሬውን ያወርዱታል። አንስቲ ደግሞ ከወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ላሟን እያዩ፣ ጨዋታውን በቁጣና በተግሣጽ ያደምቁታል። ጨዋታቸው የገበሬ ጨዋታ ነው። ኮርማና ላም፣ ጋብቻና መውለድ፣ ሞትና ቀብር በስማቸው ይጠራሉ። ገጠር ያደገ ሰው ከእናት ከአባቱ ጋር እሳት ዳር የሰማው ዓይነት ወግ ነው።

ኤሪክ ክሮስ የሚባል ደራሲ ከሁለቱ ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፎ ጨዋታቸውን ጻፈ። «ልብስ ሰፊውና አንስቲ» የተሰኘው መጽሐፍ በ1942 ታተመ፤ መግቢያውን ታዋቂው የአጭር ልቦለድ ደራሲ ፍራንክ ኦኮነር ጻፈለት። ወራት ሳይቆይ የኅትመት ሳንሱር ቦርድ «ጸያፍ ነው» ብሎ አገደው።

ቦርዱ የተቋቋመው በ1929 በወጣው የኅትመት ሳንሱር ሕግ ነው። አምስት አባላት ነበሩት። ሕጉ አንድ መጽሐፍ በአጠቃላይ ዝንባሌው ጸያፍ ሆኖ ከተገኘ ወይም የወሊድ መከላከያን የሚደግፍ ከሆነ እንዲታገድ ይፈቅድ ነበር። አንድ ጊዜ ለታገደ መጽሐፍ በዚያን ዘመን ይግባኝ የሚባልበት አካል አልነበረም። የአገሪቱ ስመ ጥር ደራስያን ሥራዎች በየተራ በታገዱት መጻሕፍት ዝርዝር ላይ ሰፍረዋል። ፊርማው የፍትሕ ሚኒስትሩ ነበር፤ ፍርዱ ግን በዝግ በር የሚሰበሰቡ የአምስት ሰዎች ነበር።

ሰር ጆን ኪን ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ቦርዱ የሕዝብ አመኔታ አጥቷል፤ ስለዚህ ሚኒስትሩ እንደገና ያዋቅረው። ለማስረጃ ሦስት መጻሕፍት ይዘው መጡ። አንደኛው የልብስ ሰፊው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የኬት ኦብራይን ልቦለድ ሲሆን፣ ስለ ገዳም ሕይወት የሚተርክ ረቂቅ ሥራ ሆኖ ሳለ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ምክንያት የታገደ ነው። ሦስተኛውን የጻፈው ሃሊዴይ ሰዘርላንድ የተባለ ካቶሊክ ሐኪም ነው። ይህ መጽሐፍ ስለ ትዳር የሚያስተምር ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣናት እንዲታተም የፈቀዱት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስም ማገድ! እኔ እንደሚመስለኝ ከሦስቱ ማስረጃዎች ቦርዱን ይበልጥ ያስጨነቀው ይህ ነው።

ስለ ሰውየው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሰር ጆን በዎተርፎርድ አውራጃ የካፖክዊን ባላባት ናቸው፤ ካቶሊክ በሚበዛባት አገር ፕሮቴስታንት፣ ዘመኑ ካለፈበት የባለ ርስት ወገን የተወለዱ። የአየርላንድ ነፃ መንግሥት በ1922 ሲመሠረት ሴናተር ተደርገው ተሾሙ። ሹመቱን የተቀበሉት ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ነበር፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት ተቃዋሚዎች የሴናተሮችን ቤት እየፈለጉ ያቃጥሉ ነበርና። በየካቲት 1923 የካፖክዊኑ መኖሪያ ቤታቸውም ነደደ። ሰር ጆን አገር ጥለው አልሄዱም፤ ቤቱን በዚያው ቦታ መልሰው አሠሩት፤ ወደ ምክር ቤቱም ተመለሱ። የመጀመሪያው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በ1936 ፈርሶ በ1937ቱ ሕገ መንግሥት እንደገና ሲቋቋም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤመን ደ ቫሌራ እሳቸውን ሾመው መለሷቸው።

ይህ ሹመት ለነገሩ መነሻ ይመስለኛል። ምክር ቤቱ 60 አባላት አሉት፤ ከእነዚህ 11ዱን የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የታችኛው ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ ለ90 ቀናት ከማዘግየት ያለፈ ሥልጣን ስለሌለው ብዙ ሰው ጥርስ የሌለው ጉባኤ ይለዋል። ነገር ግን የታችኛው ምክር ቤት እንደራሴ በየምርጫው ወደ ወረዳው ተመልሶ ድምፅ መለመን አለበት። በ1942 አየርላንድ ለታገደ መጽሐፍ ጠበቃ ሆኖ ወደ ወረዳው የሚመለስ እንደራሴ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ላይ ስሙ በምን እንደሚነሣ ያውቃል። የሚለምኑት ድምፅ የሌላቸው ሴናተር ግን ሊናገሩ ይችላሉ፤ ሰር ጆንም ተናገሩ።

ክርክሩ እስከ ታኅሣሥ ዘልቆ አራት ቀን ፈጀ። ለቦርዱ ዋና ተከራካሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ዊልያም ማጌኒስ ናቸው። ሰውየው የፍልስፍና መምህር፣ ሴናተር፣ በዚያ ላይ የሳንሱር ቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ፤ በገዛ ቦርዳቸው ጉዳይ ተከሳሽም ዳኛም ሆኑ ማለት ነው። ለሰዓታት በዘለቀ ንግግራቸው ልብስ ሰፊውን አእምሯቸው በሥጋ ነገር የተያዘ፣ አንስቲን ደግሞ የአእምሮ ዕድገቷ ከሕፃን ያላለፈ ሴት አድርገው ሳሏቸው። እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች በጉባኤው የሉም፤ መልስ የሚሰጡበት መድረክ የላቸውም። አንድ ምሁር በምክር ቤት ከለላ ሥር ሆኖ አንዲትን የገጠር አሮጊት እንዲህ ማዋረዱን ሳነብ፣ ጸያፍ የሚለው ቃል ለየትኛው ንግግር እንደሚገባ አልጠፋኝም።

ድምፅ ተሰጠ። የሰር ጆን ሐሳብ በ34 ተቃውሞ በ2 ድጋፍ ወደቀ።

የነገሩ ዳፋ ያረፈው ግን በልብስ ሰፊው ቤት ነው። ያ እንግዳ የማያጣው በር ጭር አለ። ያገሩ ሰው ሸሻቸው፤ ትናንት ከምድጃቸው ዳር ሲስቅ ያመሸ ሰው ሰላምታ ነፈጋቸው። ፍራንክ ኦኮነር እንደተረከው፣ አንድ ቀን ሦስት ቄሶች ወደ ቤታቸው መጡ። ሽማግሌውን አንበረከኳቸው፤ የገዛ ታሪካቸው የተጻፈበትንም መጽሐፍ ያን ሁሉ ዘመን ወግ ሲያወጉበት በኖሩት ምድጃ ውስጥ በእጃቸው እንዲያቃጥሉት አስገደዷቸው። ያ ሰንካላ እግር እንዴት ተንበርክኮ ይሆን?

ታዲያ የሰር ጆን ድካም ከንቱ ነበር? አይመስለኝም። በ1946 በወጣው ሕግ የይግባኝ ቦርድ ተቋቋመ፤ የታገደ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አቤት የሚልበት ቦታ አገኘ። በ1967 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትሩ ብራየን ሌኒሃን ባወጡት ሕግ የእገዳ ዘመን በ12 ዓመት ተገደበና ከ5,000 በላይ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ተፈቱ። ይህን ሁሉ የአንድ ሴናተር ሥራ ነው አልልም። ሆኖም ጉዳዩን ከዝግ ክፍል አውጥተው ለአራት ቀን የአገር መነጋገሪያ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የልብስ ሰፊው መጽሐፍም በ1964 እንደገና ታተመ፤ ኦኮነርም በባልና ሚስቱ ላይ የደረሰውን ሁሉ በአዲስ መግቢያ ጻፈው።

ያ ጥርስ የለውም የተባለ ምክር ቤት ራሱ ከመፍረስ ለጥቂት ነው የተረፈው። በጥቅምት 2013 መንግሥት «ምክር ቤቱ ይፍረስ ወይስ ይቆይ?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። 51.7 በመቶው ይቆይ አለ።

ልብስ ሰፊው በ1945 ዐረፉ፤ አንስቲ ሁለት ዓመት ቆይተው ተከተሏቸው። መቃብራቸው ጉጋን ባራ ነው። ቀራጺው ሼመስ መርፊ ድንጋዩን ጠርቦ ከሼክስፒር ቴአትር የተወሰደ አንድ የደስታ ቃል ቀረጸበት። መጽሐፉ ዛሬ ያለ ከልካይ ይሸጣል። ሰር ጆን ኪን በ1956 ዐረፉ። የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ግን አልታረመም። የንባቡ ቦታ ላይ አሁንም ያቺው ማስታወሻ አለች፦ «ሴናተሩ ከመጽሐፉ ጠቀሱ»።