አል ሂላል በ2023–24 የውድድር ዘመን

የሪያዱ እግር ኳስ ክለብ አል ሂላል እ.ኤ.አ. በ2023–24 የሳዑዲ ፕሮ ሊግን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ አነሳ። ካደረጋቸው 34 ጨዋታዎች 31 አሸንፎ በ3 አቻ በመውጣት 96 ነጥብ ሰበሰበ፤ 101 ጎል አስቆጥሮ የተቆጠረበት 23 ብቻ ነው። የከተማው ተቀናቃኝ አል ናስር በ14 ነጥብ ርቆ ሁለተኛ ሆነ።

ድሉን ለገንዘብ ብቻ መስጠት ይቀላል። የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ በሰኔ 2023 ከክለቡ ድርሻ 75 በመቶውን ወሰደ፤ ኔይማር፣ ሩበን ኔቬስ፣ ኩሊባሊ፣ ሚሊንኮቪች ሳቪች፣ ሚትሮቪችና ግብ ጠባቂው ቦኑም በዚያው የዝውውር መስኮት መጡ። ነገር ግን ፈንዱ አል ናስርን፣ አል ኢትሃድንና አል አህሊንም በተመሳሳይ ድርሻ ይዞ ነበር፤ የቀድሞው ሻምፒዮን አል ኢትሃድ ግን አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከሁሉም ውድ የነበረው ኔይማር ራሱ በጥቅምት ለብራዚል ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ለክለቡ 5 ጨዋታ ብቻ አደረገ። ልዩነቱ ይበልጥ የታየው ለሁለተኛ ጊዜ በተመለሱት ፖርቱጋላዊ አሠልጣኝ ጆርጅ ጄሱስ ሥራ ላይ ነው።

አጀማመሩ አላማረም። ነሐሴ 12 ቀን በጣኢፍ በተካሄደው የአረብ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ አል ሂላል ቀድሞ ቢያስቆጥርም ክርስቲያኖ ሮናልዶ ባገባቸው ሁለት ጎሎች በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተረታ። መስከረም 1 ቀን ደግሞ በአል ኢትሃድ 3 ለ 1 ተመርቶ ለዕረፍት ከወጣ በኋላ በሚትሮቪች ሀትሪክ 4 ለ 3 አሸነፈ። በዚያው ወር ከዳማክ ጋር 1 ለ 1 ከተለያየ ወዲህ ለወራት ያገኘውን ሁሉ አሸነፈ። መጋቢት 12 ቀን 2024 በእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ አል ኢትሃድን 2 ለ 0 ሲረታ 28ኛ ተከታታይ ድሉን አስመዘገበ፤ በዚህም የዌልሱ ዘ ኒው ሴንትስ በ27 ድል ይዞት የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የሳዑዲ ሱፐር ካፕንም ሚያዝያ 11 ቀን አል ኢትሃድን 4 ለ 1 አሸንፎ ወሰደ።

ጉዞው በ34 ድል ቆመ። ሚያዝያ 17 ቀን የኤምሬትሱ አል ዓይን፣ በሞሮኳዊው ሱፍያን ራሂሚ ሀትሪክ፣ በእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ 4 ለ 2 ረታው። በመልሱ ሪያድ ላይ ያገኘው የ2 ለ 1 ድልም አላዳነውም፤ በድምር 5 ለ 4 ተሰናበተ። ሁለቱን የውጭ ዋንጫዎች ማጣቱ የዘመኑ እውነተኛ ጉድለት ነው።

የሊጉን ዋንጫ ግንቦት 11 ቀን አረጋገጠ። ግንቦት 31 ቀን በጅዳ በተካሄደው የንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በቀይ ካርድ ሁለት ተጫዋቾች አጥቶ በ9 ሰው ከአል ናስር ጋር 1 ለ 1 ከተለያየ በኋላ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸነፈ።